ቀን ኮምፒውተር፣ ማታ ፒያኖ፤ የእጅ አንጓ ሕመሙ ከየትኛው ነው?

ባለ88
ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ለ8 ሰዓት ያህል ጽሑፍ እሠራለሁ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ፒያኖ እለማመዳለሁ። የቀኝ እጄ አንጓ በትንሿ ጣት በኩል ያማል፤ ኦክታቭ (ከአንድ ‘ዶ’ እስከ ቀጣዩ ‘ዶ’ እጅን ዘርግቶ ሁለቱን አብሮ መምታት) ላይ ይብሳል። መደንዘዝ የለም። ልኮቹ፦ ጠረጴዛ 76 ሴ.ሜ፣ ወንበር 44 (አይስተካከልም)፣ ስቀመጥ ክርኔ ከወለሉ 67። ፒያኖው ዲጂታል ነው፣ የኤክስ (X) ቅርጽ ያለው ማቆሚያ ላይ፤ ነጩ ቁልፍ 75 ላይ ነው። የቱን ላስቀድም?

አናጺው
ጠረጴዛውን። 76 ላይ የኪቦርዱን ውፍረት 2 ሴ.ሜ ደምርበት፤ 78 ሆነ። (ኪቦርድ ስል የኮምፒውተሩን ነው፣ እዚህ ቤት መለየት ግድ ነው።) ከክርንህ 11 ሴ.ሜ ይበልጣል። ስለዚህ ትከሻህ ይሰቀላል፣ ክንድህ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ አንጓህ ወደ ላይ ይታጠፋል። ወይ መቀመጫህን በጠንካራ ስፖንጅ 11 ሴ.ሜ ከፍ አድርገህ ከእግርህ ሥር ያንኑ ያህል መርገጫ አድርግ፣ ወይ የጠረጴዛውን እግር አስቆርጥ። መሳቢያ ካለው ግን አታስቆርጠው፣ ጭንህ አይገባም። ለስላሳ ትራስ አይሆንም፤ ስትቀመጥበት ግማሹ ይሰምጣል።

ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ እግሮች እጠፋቸው። እነሱ ናቸው አንጓን ይበልጥ ወደ ላይ የሚሰብሩት።

የትንሿ ጣት በኩል ሕመም ግን በእኔ ግምት ከማውሱ ነው። የ‘ጂ’ና የ‘ኤች’ ቁልፎች መሃል ከእምብርትህ ትይዩ ሲሆን፣ በስተቀኝ ያለው የቁጥሮች ክፍል ማውሱን ያርቀዋል። እጅህ ወደ ውጭ ተጣሞ ይውላል። የቁጥር ክፍል የሌለው ኪቦርድ ግዛ፣ ወይም ማውሱን በግራህ ያዝ።

ዶሬሚ
በጠረጴዛው እስማማለሁ፤ ፒያኖውም ግን ንጹሕ አይደለም። ቁልፉ 75፣ ክርንህ 67፤ ከታች ወደ ላይ ነው የምትመታው። ክርን ከቁልፉ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ መቀመጫህን 8 ሴ.ሜ ከፍ አድርግ። ማቆሚያውን ዝቅ ማድረግም ይቻላል፣ ግን መስቀለኛው ብረት ጉልበት ላይ ይመጣና ሰው ሳያስበው ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ሁለተኛው የክርን ቦታ ነው። ክርን ከጎድን ጋር ተጣብቆ መሃለኛው ‘ዶ’ አካባቢ ሲጫወቱ፣ ጣቶቹ ከቁልፎቹ ጋር እንዲስተካከሉ አንጓው ወደ ትንሿ ጣት ይጣመማል፤ ቀኑን ሙሉ ማውሱ ያደረገው ያንኑ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ፣ ከመቀመጫው ፊተኛ ግማሽ ላይ ተቀመጥ፣ ክርንህ ከሆድህ ፊት ይውጣ። ኦክታቭ 16 ሴ.ሜ ተኩል ገደማ ነው፤ እጁን እንደተዘረጋ አታቆየው፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ልቀቀው። 20 ደቂቃ ተጫውተህ 5 ደቂቃ ተነሣ።

ባለ88
ማውስ በግራ ሲያዝ ግራ እጅስ አይታመምም? የአንጓ ማሰሪያ አድርጎ መጫወትስ?

ዶሬሚ
ማውሱን አፈራርቅ፤ ጠዋት በግራ፣ ከሰዓት በቀኝ። ማሰሪያ አድርገህ ግን አትጫወት። አንጓው ሲታሰር ሥራው ወደ ጣትና ክርን ይዛወራል።

የበር እጀታ ስታዞር ወይም ወንበር ተደግፈህ ስትነሣ እዚያው ቦታ ቀጭ እያለ ካመመህ፣ ጉዳዩ የወንበር አይደለም፤ ሐኪም ይየው። አውራ፣ ሌባና መሃል ጣት ሌሊት መደንዘዝ ከጀመሩም እንዲሁ፤ ያ በአንጓው መሃል የሚያልፈው ነርቭ ተጨምቆ ነው።