ክርክር፦ የቦረና ሳይንት ተራራ ለቀበሮው ወይስ ለገብሱ?

አወያይ (ደሴ)፦
የዚህ ሳምንት ጥያቄ ይኸውላችሁ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 74 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን አልፈናል። እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ወረኢመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ። መሬት አጥ ወጣት ሲበዛ የፓርኩ ወሰን እንዳለ ይቆይ ወይስ ለእርሻና ለግጦሽ ይከፈት? ተከራከሩ፤ የሚሳደብ ይወጣል።

የሳይንት ልጅ፦
ሰው ይቀድማል አቦ! የአባቴ ማሳ ለአራት ወንድማማች ቢካፈል ለአንዳችንም በሬ ማዞሪያ አይሆንም። በልግ ሲከዳ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴን እንዴት እንደምንከርም እኛ እናውቃለን። ጭላዳው ገብሳችንን ይጨርሳል፣ ስንከላከል ተከሰስን። ከተማ ቁጭ ብሎ ለቀበሮ ማዘን ቀላል ነው።

ደጋ ሰው፦
ወንድሜ፣ ረሃቡን የሚክድህ የለም። ግን ሽቅብ ስታርስ የምታገኘው ውርጭ የሚመታው ማሳ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ያበቅላል፣ ከዚያ አፈሩ ታጥቦ ቁልቁል ይወርድና የታችኛውን ማሳም ይዞ ይሄዳል። ቀይ ቀበሮውም ቢሆን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው በሙሉ 500 አይሞላም። ደግሞ በግ በላ እያልን እናማዋለን እንጂ ዋና ምግቡ አይጥ ነው።

ከኮምቦልቻ፦
ሁለታችሁም መሬት መሬት ትላላችሁ። ሳይንት ያለው ወጣት ኮምቦልቻ ወርዶ ሥራ ቢያገኝ ማን ተራራ ይወጣል? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ይኸው ነበር። 75 ሄክታር ላይ የሚቀጠረው ሰው ብዛት በገብስ ማሳ አይታሰብም።

የሳይንት ልጅ፦
በ2014ስ? ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ በዚያው ዓመት አጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ሲቋረጥ የተበተነው ሠራተኛ የት ገባ? ወደ አባቱ ማሳ ነው የተመለሰው። እህቴም ተመልሳለች። ሥራ ላይ እያለችም ደመወዟ ከቤት ኪራይ አልፎ ለእናቴ አልተረፈም።

የቦርከና ዳር፦
ልማት ስትሉ የፋብሪካ ፍሳሹንም ጨምሩ። በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች ወደ ቦርከና የሚወርደውን ውሃ ከብቶቻችን ይጠጡታል፣ አትክልት ይጠጣበታል። ተራራውን አድነን ወንዙን ከገደልን ሒሳቡ አልገባኝም።

ጋሼ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ልጆች፣ ዕድሜ ካልከለከለኝ አንድ ነገር ልበል። ከ77ቱ ድርቅ በኋላ የወሎ ተራራ በየቦታው ተከለለ። በስንዴና በዘይት ክፍያ እርከን ሠርተናል፣ ችግኝ ተክለናል፤ ያማረ ደን ወጥቶ ነበር። በ83 መንግሥት ሲወድቅ መጥረቢያ ይዞ ያልወጣ ሰው ጥቂት ነው። ክፋት እንዳይመስላችሁ። ደኑ የመንግሥት ነው ተብለን ስለነበር መንግሥት ሲሄድ ባለቤት የሌለው ንብረት ሆነ። እናንተ ይከለል አይከለል ትላላችሁ። እኔ የምጠይቀው በማን ስም እንደሚከለል ነው።

ደጋ ሰው፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን! ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታችን መንዝ ጓሳን ተመልከቱ፤ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ ነው። ሕዝቡ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለዘመናት ራሱ ጠብቆታል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ ተረከበው፤ ዛሬ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያው አሉ። ሳይንት ላይ የምደግፈው ይህን ነው፦ ወሰኑ አይነካ፣ ሣሩ ግን የጎረቤት ቀበሌዎች ይሁን። የእረኛ ውሾችም በነፃ ይከተቡ። ቀበሮን በመንጋ የሚጨርሰው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና፤ ባሌ ላይ ደጋግሞ ታይቷል። ስለ ክትባቱ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለ ጥበቃ ጠመንጃ ግን ሁሌ ይወራል።

ጤና ጣቢያ ነኝ፦
የሕዝቡን ቁጥር ሁላችሁም ዘለላችሁት። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው በ1992 ዓ.ም. 5.5 ነበር፣ በ2008 ዓ.ም. 4.6 ሆነ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 3.7። ማንም ሳይገደድ፣ በትምህርትና በወሊድ መከላከያ መርፌ የመጣ ነው። ሆኖም ወሊዱ ዛሬ ጭራሽ ቢቆም እንኳ ዘንድሮ 15 ዓመት የሞላው ልጅ ነገ ጎጆ ይወጣል። መሬት መካፈሉ ስለማያዋጣ እዚህ ላይ ከኮምቦልቻው ልጅ ጋር ነኝ። ሴት ልጅ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ሥራ ብትይዝ፣ የሚተርፍ ደመወዝ ብታገኝ፣ ጋብቻውም ይዘገያል፣ ተራራውም ይተነፍሳል። የሚተርፍ ነው ያልኩት።

የሳይንት ልጅ፦
እሺ፣ ሣሩን ለእኛ ስጡን፤ እኔም ወሰኑ ይነካ አልልም። ግን የሣሩ ቀን የሚቆረጠው በማን ነው? በወረዳው ከሆነ የለሁበትም፤ መጀመሪያ የሚያጭዱት የሊቀመንበሩ ዘመዶች ይሆናሉ። ጭላዳው ገብስ ሲበላስ ካሳ ማን ይከፍላል?

ደጋ ሰው፦
ቀኑን ገበሬው ይቁረጥ፣ በየቀበሌው በተመረጡ ሽማግሌዎች። ካሳው ግን ከበድ ይላል። ከፓርኩ የጎብኚ ገቢ ይከፈል እንዳልል ጎብኚው ገና አልመጣም።

ጋሼ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ሽማግሌ ስትመርጡ መሬት አጡን ወጣትም ጨምሩበት። ባለ መሬቱ ብቻ ከተቀመጠ ሣሩን ለከብቱ ይወስዳል፣ ይሄ ልጅ ደግሞ ከብት የለውም።

አወያይ (ደሴ)፦
የካሳው ጉዳይ ላይ ሐሳብ ያለው ይጻፍ። ሐሳብ ሳይኖረው ስቲከር የሚልክ ግን ይታገሰን።