ላፕቶፑን ያዘገየው ማን ነው?

ሄኖክ፦ ትናንት ቢሮ ስልጠና ሰጡን። አሠልጣኙ «ዘገምተኛ ኮምፒውተር የለም፣ ሰነፍ ባለቤት እንጂ። የዊንዶውስን አፕዴትና ጸረ ቫይረሱን ዲፌንደርን ዝጉ፣ እንደ አዲስ ይሮጣል» ብሎ አረፈው። ለዚህ ይከፈለዋል እኮ!

ሚኪ፦ ምን አጠፋ? ስንቱን ላፕቶፕ በሴቲንግ ብቻ አስነስቻለሁ። ታስክ ማናጀር ግቡና ስታርትአፕ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ለመነሳት የተኮለኮለውን ሁሉ ዲሴብል አድርጉ። አኒሜሽኑን አጥፉ። ኤምኤስኮንፊግ የሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ላይ የፕሮሰሰሩን ቁጥር 4 በሉት። ሰነፍ ባለቤት ያለው እውነቱን ነው።

ሰላም፦ ስታርትአፑ ልክ ነህ። የኤምኤስኮንፊጉ ግን ተረት ነው ሚኪዬ። ካልነካኸው ዊንዶውስ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉትን ኮሮች በሙሉ ይጠቀማል። ያቺ ሳጥን መቀነስ እንጂ መጨመር አታውቅም።

ሚኪ፦ ለውጡን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰላም፦ ሪስታርት ስላደረግከው ነዋ!

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ ዋናክራይ የሚባለውን ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ረሳችሁት? በፈረንጆቹ ሜይ 2017 ሆስፒታል ሳይቀር ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ሁለት ወር ቀድሞ አውጥቶ ነበር። በብዛት የተበሉት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። ታዲያ ሰነፉ ባለቤት የትኛው ነው?

ሚኪ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ዋይፋይ አለዎት። እኔ ፓኬጅ ሞልቼ ኢሜይሌን ሳልከፍት አፕዴቱ ይጨርሰዋል። መሃል ላይ መብራት ሲሄድስ?

ሰላም፦ ለፓኬጁ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚል አለልህ፣ እሱን አብራ። አብዛኛውን ማውረድ ይይዝልሃል። ዲፌንደርን መዝጋት ምን አመጣው?

ሄኖክ፦ ኧረ የኛን ማሽን እዩት። 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ። ዲስኩ መቶ በመቶ ላይ ተቸንክሮ ይውላል። የትኛው ሴቲንግ ነው ይህን የሚያድነው? ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግዙልን ስንል በጀት የለም። ለስልጠና አበል ግን አለ።

ሚኪ፦ አበሉን በልተህ ታማርራለህ እንዴ?

ሄኖክ፦ በላሁ፣ ምን ይጠበስ? ማሽኑ አልፈጠነም።

ብሩክ ከዲሲ፦ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫኑና ተገላገሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ካላየ አሮጌ ማሽን አይቀበልም።

ሚኪ፦ ይኸው! እኔ አፕዴት ስዘጋ ሰነፍ፣ እነሱ ሲዘጉ ኩባንያ!

ጋሽ ታደሰ፦ ለግለሰብ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሰጥተዋል ልጄ። መመዝገብ ነው።

ሚኪ፦ አፕዴት የዘጋ ሰው ምን ብሎ ይመዘገባል ጋሼ?

ሰላም፦ ብሩክ፣ ሒሳብ ክፍሉ በፒችትሪ ነው የሚሠራው፣ እሱ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ አንተ መጥተህ ትጭንልናለህ?

ብሩክ ከዲሲ፦ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን ይነሳል።

ሰላም፦ ሞክረኸዋል?

ብሩክ ከዲሲ፦ አልሞከርኩም፣ ግን መነሳት አለበት።

ሚኪ፦ ደግሞ እኔን ተረት አወራህ ይሉኛል!