3 በ4 የጣውላ በረንዳ፦ 5 በ7 ሞራሌ ይችላል?

ሳቢያን12፦
ሰላም የድሬዳዋ ልጆች። የቤቱ ወለል ከግቢው 1.20 ሜትር ከፍ ይላል። ከሳሎኑ በር ፊት፣ 4 ሜትር በግድግዳው ልክ፣ 3 ሜትር ወደ ውጭ በረንዳ ላሠራ ነው። አናጢው 5 በ7 ሳንቲ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ተደርጎ የተሰነጠቀ እንጨት) በየ80 ሳንቲ ሊደረድር ነው ያሰበው፤ አንዱን ጫፍ የቤቱ ብሎኬት ላይ በፊሸር (ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ ማያዣ)፣ ሌላውን መሬት በተቀበረ አጣና ላይ። ግቢው አሸዋ ነው። ይበቃል?

የከዚራ አናጢ፦
አይበቃም አቦ። በርጫ ተጠርቶ ሰው ሲሞላበት በካሬ 200 ኪሎ ያዝ፤ 12 ካሬ ላይ 2400 ኪሎ፣ የእንጨቱ ክብደት ሳይቆጠር። 5 በ7 የቆርቆሮ ጣራ እንጨት ነው፣ 3 ሜትር ላይ ይረግባል። 5 በ15 አድርገውና በጠባብ ጎኑ አቁመው፤ ያው ውፍረት ሆኖ መርገቡ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በየ40 ሳንቲ ከሆነ 11 ፍሬ ነው።

ብሎኬቱን እርሳው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ቀጭኑን ገጽ ብቻ ነው፤ ሰው በተረማመደ ቁጥር እየፈረፈረ ይላቀቃል። በረንዳው ከቤቱ ተለይቶ በራሱ እግር ይቁም፦ ሁለት ቢም (ሞራሌዎቹን ከሥር የሚሸከም አግዳሚ)፣ እያንዳንዱ ሁለት 5 በ15 ተጣምሮ፣ በየ2 ሜትሩ ሦስት ቋሚ። ቢሞቹን ከሁለቱም ዳር 50 ሳንቲ አስገባቸው። መሃሉ 2 ሜትር ይሆናል፤ ከቢሙ አልፎ የሚንጠለጠለው ከዚያ ከሩብ አይብለጥ። ከግድግዳው መራቁም የቤቱን መሠረት ሳትነካ እንድትቆፍር ይረዳሃል።

ብየዳ ድሬ፦
ልክ ነው። ቢሙ ግን ከቋሚው አናት ላይ ይቀመጥ፤ ጎኑ ላይ ከተቸነከረ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ምስማር ነው። የመሃል ቋሚዎች ወደ 1 ቶን ይደርስባቸዋል። 50 በ50 ሳንቲ የኮንክሪት መሠረት ይበቃል፣ ሙሌቱን አልፎ ያልተነካ አፈር ላይ ካረፈ። የጣራው ውኃ እዚያ እንዳይወርድ፤ አሸዋውን ከሥር ጠርጎ ይወስደዋል። የተቀበረ አጣና ደግሞ የምስጥ ቀለብ ነው። ኮንክሪቱን ከመሬት 15 ሳንቲ አውጣና እላዩ ላይ 80 በ80 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አቁም፣ ከታች አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሁለት እጅ።

ሳቢያን12፦
ለበረንዳው የተዘጋጀው ባህር ዛፍ እርጥብ ነው፣ ችግር አለው?

የከዚራ አናጢ፦
በድሬ ሙቀት ይጠመዘዛል፣ ይኮማተራል፣ ቦሎኑም ይላላል። ጥላ ሥር አየር እያስገባህ ደርድረህ አድርቀው፣ ከገጠምክ በኋላም ከጥቂት ወር በኋላ ዳዶውን መልሰህ አጥብቅ። ቋሚዎቹን በሰያፍ እሰራቸው፣ ከቤቱ ጋር ስላልተያያዘ ይወዛወዛል። የበረንዳውን ዳር መደገፊያ እንጨት እያንዳንዱን በሁለት ባለ 12 ሚሊ ቦሎን እሰር፣ ከነሮንዴላው። ሰው ሲደገፈው ምስማር ይነቀላል።