የሳሎኑ ጋዝ ፋየር በራሱ እየጠፋ ተቸገርን፤ ማን ይመርምረው?

ጥያቄ፦ ከሰሜን ለንደን ተከራይ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሰሜን ለንደን ውስጥ ባለ አንድ የቪክቶሪያ ዘመን ቤት የታችኛው ክፍል ነው። ሳሎኑን የሚያሞቀው በድሮው የእሳት ምድጃ ቦታ የተገጠመ ጋዝ ፋየር ነው። ከሰሞኑ ማሞቂያው በደንብ ይለኮስና ግማሽ ሰዓት ያህል ከነደደ በኋላ ፓይለቱን (ዋናውን እሳት የሚለኩሰውን ትንሽ ነበልባል) ጨምሮ በራሱ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይተን ስንሞክረው ይነሣል፣ ከዚያም ተመልሶ ይጠፋል። ቀድሞ ሰማያዊ የነበረው ነበልባልም በቀኝ በኩል ወደ ቢጫ አዘንብሏል፤ ከማሞቂያው በላይ ባለው የግድግዳ ቀለም ላይ ጥላሸት መታየት ጀምሯል።

ለኤጀንቱ ብናመለክት «ዓመታዊ ምርመራው ገና ጊዜው አልደረሰም፤ ችግሩ ቴርሞካፕል ሳይሆን አይቀርም፤ የምታውቁት ሰው ካለ አስቀይሩት» የሚል መልስ ሰጠን። የቤት ዕድሳት የሚሠራ አንድ ወዳጃችንም በትንሽ ገንዘብ እንደሚቀይርልን ነግሮናል። ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ብርዱን ስለማትችለው ቀኑን ሙሉ ከማሞቂያው አጠገብ ነው የምትውለው፤ ሰሞኑን ራሷን ያማታል፤ እኛ ግን የአየር ለውጥ ነው ብለን ብዙም አላሰብንበትም። ወዳጃችን ዕቃውን ቢቀይረው ችግር አለው? ወጪውስ የማን ነው?

መልስ፦ ከጋዝ ባለሙያው

እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ማሞቂያውን ያጥፉት፤ ተመርምሮ እስኪያልቅ ድረስም ማንም እንዳይለኩሰው። እዚሁ እንግሊዝ አገር በጋዝ ሥራ ላይ የተሰማራሁ ሰው ነኝ። የገለጿቸው ምልክቶች፣ ማለትም ነድዶ ነድዶ መጥፋቱ፣ የነበልባሉ መቢጨትና ጥላሸቱ፣ አንድ ላይ ሲመጡ እኔ የምጠረጥረው ቴርሞካፕሉን ሳይሆን ጭስ ማውጫውን ነው።

ቴርሞካፕል ጫፉ በፓይለቱ ነበልባል ሲግል ጥቂት ሚሊቮልት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቀጭን ዘንግ ነው፤ የጋዙን ቫልቭ ከፍቶ የሚይዘው ያ ትንሽ ኃይል ሲሆን፣ ጫፉ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ይዘጋል። በብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ጋዝ ፋየሮች ላይ ደግሞ ፓይለቱ የተሠራው በክፍሉ ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ነበልባሉ ከቴርሞካፕሉ ጫፍ እንዲርቅ ተደርጎ ነው። የተቃጠለው አየር በጭስ ማውጫው መውጣቱን ትቶ ወደ ሳሎን ሲመለስ ማሞቂያው ራሱን የሚያጠፋው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ከሆነ መጥፋቱ ብልሽት አይደለም፤ ቤተሰቡን እየጠበቀ ያለው እሱ ነው። ስለዚህ መጥፋቱን ብቻ ለማስቆም የሚደረግ ጥገና ሁሉ አደገኛ ነው። በርግጥ የምንጣፍ ብናኝና አቧራ የፓይለቱን የአየር ቀዳዳ ሲደፍኑትም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፤ ያ ሲሆን ጽዳት ይበቃዋል። የትኛው እንደሆነ ግን በግምት አይታወቅም። ፓይለቱ ራሱ ተበላሽቶ ከተገኘም እንዲህ ዓይነቱ ከነቴርሞካፕሉ እንደ አንድ ዕቃ ይቀየራል እንጂ ተነጣጥሎ አይጠገንም።

ትክክለኛው ምርመራ ማሞቂያውን ከቦታው አውጥቶ ከኋላው ያለውን ክፍተት በማየት ይጀምራል። በአሮጌ ቤቶች ከጭስ ማውጫው ውስጥ የረገፈ ስሚንቶ፣ የጡብ ስብርባሪና ወፎች ያመጡት ጭራሮ እዚያ ይከመርና መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ቦታው ከተጠረገ በኋላ ጭስ የሚሰጥ እንክብል ይለኮስና ጭሱ በትክክለኛው ጫፍ ወደ ውጭ መውጣቱ፣ በመንገዱም ወደ ላይኛው ፎቅ ክፍሎች አለመግባቱ ይታያል። ማሞቂያው ተመልሶ ሲገጠም ዙሪያው ሙቀት በሚችል ቴፕ ይታሸጋል። ከዚያ በሮችና መስኮቶች ተዘግተው፣ የኩሽናው አየር ማስወጫ ካለም በርቶ፣ ማሞቂያው ጥቂት ደቂቃ እንዲነድ ይደረግና የሚጨስ ክብሪት በላይኛው ጠርዝ ላይ ይያዛል። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ መልካም ነው፤ ተጠምዝዞ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ግን ማሞቂያው መሥራት የለበትም። ይህን ሁሉ ትቶ ዕቃ ቀይሮ የሚሄድ ሰው ምርመራ አላደረገም።

ስለ ነበልባሉ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር። እውነተኛ ከሰል መስለው እንዲታዩ የተሠሩት ጋዝ ፋየሮች ሲፈጠሩም ነበልባላቸው ቢጫ ነው፤ እነሱ ላይ መታየት ያለበት ጥላሸቱና የሴራሚክ ከሰሎቹ አደራደር ነው፤ አምራቹ ካዘዘው ቦታ ሲዛነፉ ነበልባሉ በደንብ አይቃጠልም። የእርስዎ ቀድሞ ሰማያዊ ስለነበር ለውጡ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ወዳጅዎ በጋዝ ሴፍ ሬጅስተር፣ ማለትም ጋዝ ለመሥራት በተፈቀደላቸው ባለሙያዎች መዝገብ፣ ካልተመዘገበ ሊነካው አይገባም፤ ሕገ ወጥ ነው። ይህ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2009 ጀምሮ ቀድሞ የነበረውን ኮርጂ የተባለ መዝገብ የተካ ሲሆን፣ የተመዘገበ ሰው ፎቶግራፉ ያለበት መታወቂያ ይይዛል። የመታወቂያውን ጀርባ ማየት አይዘንጉ፤ የተፈቀዱለት የሥራ ዓይነቶች የተጻፉት እዚያ ነው፤ ቦይለር ለመሥራት የተፈቀደለት ሁሉ ጋዝ ፋየር ለመሥራት አልተፈቀደለትም።

መልስ፦ ከአንዲት ነርስ

የእናትዎ የራስ ምታት ያሳስበኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ለቤት የሚመጣው ጋዝ የሚሸትተው ሽታ ስለተጨመረበት ነው፤ ከቃጠሎው የሚወጣው ይህ መርዝ ግን ምንም አያሳውቅም። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰው ሳያውቀው ይዳከማል። ሕመሙ ከቤት ስትወጣ የሚቀልላት፣ ስትመለስ የሚብስባት ከሆነ፣ ወይም ሌላው ቤተሰብም እየታመመ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ዛሬውኑ ሐኪም ያሳዩአት፤ ስትደርሱም «ጋዝ ማሞቂያው ችግር አለበት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠርጥረናል» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ ካልተነገረ እንደ ተራ ጉንፋን ሊታይ ይችላል። መርዙ ሰውየው ንጹሕ አየር ሲያገኝ ከደሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ የደም ምርመራው ሳይዘገይ መደረግ አለበት። ጣት ላይ የሚሰካው ተራው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ኦክስጅንንና ካርቦን ሞኖክሳይድን መለየት ስለማይችል ቁጥሩ ደኅና መስሎ ቢታይ እንዳትዘናጉ። መፍዘዝ፣ መደናገር ወይም ራስን መሳት ካለ ሁሉም ከቤት ይውጡና 999 ይደውሉ።

አሁን ማሞቂያው ጠፍቶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የቡናውን ከሰል ሳሎን ውስጥ አቀጣጥሎ መሞቅ እንዳይመጣ አደራ። እናቶቻችን አገር ቤት በር ከፍተው ያደረጉት ነገር፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሎ በተዘጋ የለንደን ቤት ውስጥ ያንኑ መርዝ ያመጣል።

መልስ፦ በቤት ጉዳይ ተከራዮችን ከምረዳ

የወጪውን ጥያቄ ልመልስ። ማሞቂያው የአከራዩ ንብረት እስከሆነ ድረስ ጥገናው የአከራዩ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 የጋዝ መስመሩንና የቤት ማሞቂያውን በደኅና ሁኔታ የመጠበቅ ኃላፊነት በአከራዩ ላይ ይጥላል። የ1998ቱ የጋዝ ደኅንነት ደንብ ደግሞ በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምርና የምርመራውን ወረቀት ቅጂ በ28 ቀን ውስጥ ለተከራዩ እንዲሰጥ ያዛል። «ዓመቱ አልደረሰም» የሚለው መልስ ውሃ አያነሳም፤ በመሣሪያው ላይ አደጋ ሲታይ ዓመት አይጠበቅም።

ደግመው በኢሜይል ይጻፉላቸው፤ የታየውን ምልክት፣ ማሞቂያውን ያጠፋችሁበትን ቀንና የእናትዎን ሕመም ይግለጹ፤ የጥላሸቱንም ፎቶግራፍ ያያይዙ። ካልተንቀሳቀሱ የካውንስሉን የአካባቢ ጤና ክፍል ያነጋግሩ። በእንግሊዝ ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ ባለበት መኖሪያ ክፍል ውስጥ አከራዩ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የመግጠም ግዴታ አለበት፤ ስለ አላርም ምንም ስላልጻፉ፣ ከሌለ ይህንንም ይጠይቁ።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን በዚያው ምሽት ወሰድናት፤ በደሟ ውስጥ መርዙ ከሚገባው በላይ ተገኝቶ ኦክስጅን ተሰጣት፤ አሁን ደኅና ናት። በኢሜይል ከጻፍን በኋላ ኤጀንቱ ባለሙያ ላከ። ማሞቂያውን ሲያወጣው ከኋላው ጭራሮና የጡብ ፍርስራሽ እስከ መተላለፊያው አፍ ድረስ ሞልቶ አገኘ። ያንን ጠርጎ መልሶ ገጥሞ በክብሪቱ ሲፈትነውም ጭሱ ወደ እኛ ተመለሰ፤ ስለዚህ «ወዲያውኑ አደገኛ» የሚል ምልክት ለጥፎበት ጋዙን ቆረጠው። አላርምም ተገጥሞልናል። አሁን አከራዩ ጭስ ማውጫውን አስጠርጎ ያንኑ ማሞቂያ መልሶ ሊያስቀጥለው ይፈልጋል። እንቀበል?

መልስ፦ ከጋዝ ባለሙያው

እናትዎን እንኳን እግዚአብሔር ማረልዎ። ጭስ ማውጫው ከተጠረገ በኋላ ጭሱ እስከ ጣሪያው ጫፍ ያለ እንከን መውጣቱ ከተረጋገጠ፣ የክብሪቱም ፈተና ተደግሞ ካለፈ፣ ማሞቂያው ሊቀጥል ይችላል፤ ውጤቱን የያዘውን ወረቀት ሳይቀበሉ ግን አይለኩሱት። ይህን ያህል የጡብ ፍርስራሽ መገኘቱ ጭስ ማውጫው ውስጡ መፈራረሱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ የሚጠርገው ሰው ውስጡን በካሜራ እንዲያየው ይጠይቁ። ፈርሶ ከተገኘ ውስጡ የብረት ቱቦ ያስፈልገዋል፤ አከራዩ ያንን ወጪ ካልፈለገ ጋዝ ፋየሩን አንሥቶ ሳሎኑን ከቦይለሩ መስመር ጋር ማገናኘት ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መግጠም ይችላል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችሁም ያው ጭስ ማውጫ በግድግዳቸው በኩል ስለሚያልፍ፣ የሆነውን ዛሬውኑ ይንገሯቸውና እነሱም አላርም ይግጠሙ።