ክርክር፦ በስፕሪንግፊልድ የተጎረሰው ጉርሻ

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ዘ ሲምፕሰንስ የተሰኘው የአሜሪካ አኒሜሽን ኮሜዲ ኖቬምበር 13 ቀን 2011 ያሳየው ክፍል ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ማርጅ ከልጆቿ ከባርትና ከሊሳ ጋር ሳታስበው በከተማቸው በስፕሪንግፊልድ ካለ የኢትዮጵያውያን ሰፈር ትደርሳለች። ምግብ ቤት ገብተው እንጀራ ይበላሉ፤ ይጎራረሳሉ። ጣዕሙ ማርኳቸው ሦስቱ ስለ ምግብ የሚጽፉበት ብሎግ ይከፍታሉ። አባትየው ሆመር ከዚህ ደስታ ውጭ ይቀራል። ባህላችን ተከብሯል ወይስ ለሌሎች ታሪክ ማጀቢያ ሆኗል? ክፍሉ ከቀደሙት ጋር መጣረሱስ ነውር ነው?

ከሎስ አንጀለስ፦ ተከብሯል እላለሁ። ሳውዝ ፓርክ የተባለው ሌላው አኒሜሽን በ1997 ያቀረበው ኢትዮጵያዊ በረሃብ የመነመነ ሕፃን እንደነበር አስታውሱ። መሳቂያው ባዶ ሆዳችን ነበር። እኔ ያን ጊዜ በትምህርት ቤት «ከየት ነህ?» ስባል መልስ ከመስጠቴ በፊት አንገቴን እደፋ ነበር። ከ14 ዓመት በኋላ በሲምፕሰንስ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሜሪካዊቷ እናት ልጆቿን ይዛ ወደ እኛ መጣች፣ ጠግባም ሄደች። ጸሐፊዎቹ ይህን ከሩቅ አላመጡትም። ከተማችን የፌርፋክስን ጎዳና ከፊል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብላ በይፋ የሰየመችው በ2002 ነው። ሲምፕሰንስን የሚያስተላልፈው የፎክስ ስቱዲዮ ያለበት የፒኮ ጎዳናም ወደ ምሥራቅ ሲሄዱበት ያንኑ ፌርፋክስን ያቋርጣል። ጎረቤት የጎረቤትን ወጥ ቀምሶ ወደደው፤ ይህ ነው የሆነው።

ከአዲስ አበባ፦ ወንድሜ፣ የአንገትህ መድፋት ቁስሌ ነው፤ ግን አልስማማም። በቅድሚያ መጣረሱን እንይ። በ1999 በተላለፈ ክፍል ሆመር ራሱ የከተማው ጋዜጣ የምግብ ሐያሲ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። ጽሑፉን ስታግዘው የነበረችው ደግሞ ሊሳ ናት! ከ12 ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ስለ ምግብ መጻፍ ሲጀምር ያንን የሚያስታውስ የለም። የገዛ ገጸ ባሕርያቱን ታሪክ የማይጠብቅ ደራሲ የእኔን ማዕድ ይጠብቅልኛል ብዬ እንዴት ልመን?

ከሜሪላንድ፦ እህቴ፣ በዚህ ነጥብ ጨክነሻል። ባርት በ1989 የ10 ዓመት ልጅ ነበር፤ ዛሬም 10 ዓመቱ ነው። ልጁ ካላደገ የወላጆቹ ወጣትነት የግድ ወደፊት ይገፋል። በ1991 የታየው ክፍል ሆመርና ማርጅ የተዋወቁት በ1974 ተማሪ ሳሉ ነው ብሎን ነበር። በ2008 የታየው ሌላ ክፍል ፍቅራቸውን ወደ 1990ዎቹ አምጥቶ ሆመርን የግራንጅ ሮክ ዘፋኝ አደረገው። ብዙ ተመልካች ተቆጣ፤ እኔም ከተቆጡት አንዱ ነበርኩ፣ ምክንያቱም የ1974ቱ ታሪክ ልቤን ነክቶት ነበር። ቢሆንም መርሳት የዚህ ሥራ ሕግ ነው። በፈጠራ ሰው ታሪክ ላይ የሚደረግ መፋለስ ማንንም አይበድልም። በእውነተኛ ሕዝብ ላይ የሚሠራ ስሕተት ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትመዝኛቸው።

ከአዲስ አበባ፦ መልካም፣ የ1999ኙን ትቼልሃለሁ። ስለ ጉርሻው ግን አልተውም፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው። እጁን በትክክል ስለውታል፣ እንጀራውም እንጀራ ነው። ቀጥሎ ግን ምን ሆነ? ማርጅ ደስታዋን ሆመር እንዳይወስድባት ፈርታ ወደ አዲስ ምግብ ቤት ሲጠሩ ሆን ብላ የተሳሳተ አድራሻ ትሰጠዋለች፤ እሱም አደንዛዥ ዕፅ የሚሠራበት ቤት ይገባል። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የምንለው እኮ ጉርሻ ለራስ የሚያዝ ነገር ስላልሆነ ነው። በእናቴ ቤት ከማዕድ የቀረ ሰው ካለ ድርሻው ተከድኖ ይቆየዋል። ጉርሻውን ከእኛ ወስደው ትርጉሙን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትተውት ሄዱ። ለእኔ ትልቁ መፋለስ ይህ ነው።

ከሎስ አንጀለስ፦ እንዲህ አድርጌ አይቼው አላውቅም፤ እውነትሽን ነው፣ ከበድ ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ማርጅ ተጸጽታ የምግቡን ደስታ ጥላ ባሏን ልታድን መሮጧን አትርሺ። ክፍሉ «ያለ እሱ አይጣፍጥም» ብሎ ነው የሚፈርደው። ያ ከእናትሽ ቤት ክዳን በምን ይለያል?

ከሜሪላንድ፦ እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ጸሐፊዎቹ የእናትሽን ቤት ሥርዓት ያውቁ ነበር አልልም፤ ግን ከሌላ መንገድ መጥተው እዚያው በር ላይ ደርሰዋል።

ከአዲስ አበባ፦ መሮጧን አልካድኩም፤ እያየሁ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። የምለው አንድ ነገር ነው። ያጎረሰች እጅ አድራሻ ከማሳሳቷ በፊት ማመንታት ነበረባት፤ አንዲት ቅጽበት፣ እንጀራውን አስታውሳ። ያቺን ቅጽበት ሊጽፍ የሚችለው በማዕዳችን ላይ ከአንድ ቀን በላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እስኪ ክፍሉን ደግማችሁ እዩትና ያችን ማመንታት የት እንደምታገኟት ንገሩኝ።