ከፋዩ ልጅ፣ ኗሪዋ እናት፦ የማንን ልስማ?

ተቋራጩ፦ ሰላም ቤተሰቦች። ኮተቤ አንድ ቪላ እያደስኩ ነው። ገንዘቡን የሚልከው ልጅየው ሜሪላንድ ነው ያለው፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ግን እናቱ ናቸው። እሱ በየጊዜው በቴሌግራም ፎቶ ይልካል። «የሳሎኑንና የኪችኑን ግድግዳ አፍርሰው፣ ክፍት ይሁን» አለኝ። እሺ ብዬ ጀመርኩ። ማክሰኞ ጠዋት እማማ መጥተው አዩና «ልጄ፣ ሽንኩርት ሳቁላላ እንግዳው እዚሁ ሊቀመጥ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ለልጅየው ስደውል «ግዴለም፣ ትለምደዋለች» ይለኛል። ውላችን ላይ ያለው «ኪችን ማደስ» የሚል ብቻ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ፎርማኑ፦ መጀመሪያ ማፍረሱን አቁም። የጣሪያው እንጨት እዚያ ግድግዳ ላይ አርፎ እንደሆነ አይተሃል? «ባለቤቱ አዞኝ ነው» ማለት አያድንህም።

አርክቴክቷ፦ ወንድሜ፣ እኔም በዚሁ ተቀጥቻለሁ። ውጭ ያለችው ልጅ የመረጠችውን የገላ መታጠቢያ ገንዳ አስገባን። አባት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እግራቸውን አንስተው መግባት አልቻሉም። ሴራሚኩን ሰብረን አወጣነው። አባትየውን አንድም ቀን አላናገርኳቸውም ነበር፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ሳልስል በፊት ቤቱ ውስጥ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። «ምን ትፈልጋላችሁ?» አልልም። ትናንት ቡናው የት ተፈላ? እንጀራ በሳምንት ስንቴ ይጋገራል? ውሃ ሲጠፋ በርሜሉ የት ይቀመጣል? እንዲህ ነው የምጠይቀው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ይሄ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ከታወቀ ግድግዳው እንደገና ይቦረቦራል።

እናትና ልጁን በአንድ ጊዜ በቪዲዮ አገናኛቸው፤ እማማ ኪችኑ ውስጥ ቆመው ያናግሩት። የተስማሙበትን ከነልኩ፣ ከነዋጋውና ከነቀኑ ጻፍና ላክለት። «ይሁን» ብሎ እስኪጽፍልህ መዶሻ እንዳታነሳ።

ተቋራጩ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እሁድ አገናኘኋቸው። እማማ ስልኩን ይዘው ምጣዱን፣ ረከቦቱን፣ የሚቀመጡባትን ዱካ አሳዩት። ልጅየው ዝም አለ። ከዚያ «ከጓሮ በኩል ማድ ቤት ይሠራላት» አለ። ጣሪያው ያረፈው የውጪዎቹ ግድግዳዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ በፈረሰው በኩል ተንሸራታች የመስታወት በር ይገባል። ሳሎኑ ብርሃን ያገኛል፣ ሲቁላላም ይዘጋል። ጭማሪውን ጽፌ ልኬ «ይሁን» እስኪል እየጠበቅኩ ነው።

እማማ ሊወጡ ሲሉ ደግሞ «የሻወሩ ደረጃ ይነሳልኝ፣ ማታ ማታ ያደናቅፈኛል» አሉኝ። ወር ሙሉ እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ አልጠየቅኳቸውም።