ክርክር፦ ኮንሰርት ላይ በፕሌይባክ (አስቀድሞ በተቀዳ ቅጂ) መዝፈን ይከልከል ወይስ አይከልከል?

ጠያቂዋ (ከሃይቅ ዳር)፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ባለፈው ቅዳሜ ትኬት ቆርጬ ኮንሰርት ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ ዘፈኖቹን በቃሌ የማውቅለት ልጅ ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አዝማቹን እንድንቀበል ማይኩን ወደ እኛ ዘረጋው። ተቀበልን፤ የእሱ ድምፅ ግን ከስፒከሩ አልተቋረጠም። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ማንሳት ራሱ አቃተኝ። ማስታወቂያው «ላይቭ» ይላል እኮ! በእኔ በኩል ይከለከል። ቢያንስ ፕሌይባክ መሆኑ ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ብራችን ይመለስ።

ከታቦር፦ ልክ ነሽ። ድምፃዊ የሚለየው መድረክ ላይ ነው። ማህሙድ አህመድን ተመልከቱ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በነበረው አሪዞና ክለብ ውስጥ በጥቃቅን ሥራ ተቀጥሮ ሳለ፣ አንድ ምሽት ዘፋኝ ሲቀር እኔ ልዝፈን ብሎ ጠየቀ። ዘፈነ፤ ከዚያም የክቡር ዘበኛ ባንድ ድምፃዊ ሆነ። ሸክላ ያስቀረጸው ከዓመታት በኋላ ነው።

ጋሼ (ከመናኸሪያ)፦ እኔ አልስማማም ልጆቼ። ጥላሁን ገሠሠን አንድም ቀን መድረክ ላይ አላየሁትም። በሬዲዮ ነው የወደድኩት፣ በቴፕ ነው ያደግኩበት። ታዲያ አላወቅኸውም ልትሉኝ ነው? ካሴቱን እያጠነጠንኩ አንዷን ስንኝ አሥር ጊዜ እሰማ ነበር። ስታዲየም ውስጥ ግጥሙ በጩኸት ይዋጣል። ለትኬት የሚከፍለው የሌለው ሰውስ በምን ይወቀው?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦ ባንድ ውስጥ ስለምሠራ ሥራውን ልንገራችሁ። ፕሌይባክ ሁሉ አንድ አይደለም። ድምፁም ሙዚቃውም የተቀዳ ሆኖ ድምፃዊው አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስበት አለ። ይሄ ማታለል ነው። ሙዚቃው ተቀድቶ ድምፁ ግን በቀጥታ ከማይክ የሚወጣበትም አለ፤ እሱን ከሌብነት አልቆጥረውም። ባንድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ የስድስት ሰባት ሰው አልጋና ቀለብ፣ የድራሙ ጭነት አለ። አዘጋጁ ሂሳቡ ሲጠብበት መጀመሪያ የሚቀንሰው እኛን ነው። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራ) ሳይደረግ ሰዓት ይደርሳል። ሞኒተሩ፣ ማለትም ለድምፃዊው የራሱን ድምፅ የሚያሰማው ስፒከር፣ ካልተሰማው ደግሞ ጎበዝ ድምፃዊም ከቅኝት ይወጣል፤ ያቺን አንዲት ስህተት ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ትለቋታላችሁ። ቢፈራ ይፈረድበታል?

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ፣ ይሳሳት! ድምፁ ተሰንጥቆ፣ ትንፋሽ አጥሮት ቢዘፍን እኔ አብሬው እዘፍን ነበር። የተጎዳሁት እዚያ ቆሜ እሱ እዚያ ባለመኖሩ ነው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። ሚሊ ቫኒሊ የሚባሉትን ሁለት ልጆች ያስታውሷቸዋል? በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ መድረክ ላይ ሳሉ ቅጂው ተሰናክሎ አንዲት ሐረግ ይደጋግም ጀመር። በኋላ ሲጣራ አልበሙ ላይም የዘፈኑት እነሱ አልነበሩም፤ በ1990 የግራሚ ሽልማታቸው ተነጠቀ። እንግዲህ አልበም ብቻውን ዘፋኙ ማን እንደሆነ እንኳ ላይነግረን ይችላል። ሻሸመኔ ጎረቤታችን ናትና ቦብ ማርሌይንም ላንሳ። «ኖ ውማን ኖ ክራይ»ን በ1974 ስቱዲዮ ቀርጾት ነበር፤ ዓለም የያዘው ግን በ1975 ለንደን ላይሲየም ውስጥ በመድረክ የተቀረጸውን ነው። ሕዝቡ አብሮ ሲዘፍን ይሰማል።

ጋሼ፦ እሱንም ቢሆን የሰማነው በካሴት ነው የኔ ልጅ።

ከአቶቴ፦ እኔ ጀማሪ ድምፃዊት ነኝ፤ በሲዳሙ አፎ ነው የምዘፍነው። አንድ ኮንሰርት ላይ ከዋናው ድምፃዊ በፊት ቦታ ሰጡኝ። 11 ሰዓት፤ ሰው ገና በር ላይ እየተፈተሸ። ሦስት ሳምንት በክራር ተለማምጄ ሄድኩ። ስደርስ «ፍላሽ ይዘሻል?» አሉኝ። ባንዱ እዚያው ተቀምጧል እኮ። በክራር ነው የምዘፍነው ብላቸው ጊዜ የለም አሉኝ። በራሴ ቅጂ ላይ አፌን አንቀሳቅሼ ወረድኩ። ድምፄን የሰማ ሰው የለም። የታወቀው ድምፃዊ በፕሌይባክ ቢዘፍን አልበሙ አለው፤ እኔ ግን አልበም የለኝም፤ ያለኝ ያቺ መድረክ ብቻ ነበረች።

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦ ይሄን አይቻለሁ፤ እውነቷን ነው። ክራር ለመሰካት አንድ ገመድ በቂ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ጋሼ፦ በሕግ ይከልከል በሚለው አሁንም አልስማማም። ለዚች ልጅ ግን ማይክ መንፈግ ነውር ነው። ልጄ፣ ቀጣዩ መቼ ነው? ክራሩን የሚሰኩልሽ ከሆነ ንገሪን፤ 11 ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ነኝ።